በ8 ፓውንድ የገዛኋቸው ጆሮ የሌላቸው ሰማያዊ ስኒዎች፦ ቻይና ናቸው?

ሰማያዊት
ሰላም ቤቶች። የምኖረው በርሚንግሃም ነው። እሑድ ጠዋት ካር ቡት ወጥቼ ነበር። ለማታውቁት፣ ሰዉ ቤቱ የተረፈውን ዕቃ በመኪናው ጭኖ መጥቶ ሜዳ ላይ የሚሸጥበት ገበያ ነው። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዛገ ሹካና ከአሻንጉሊት መሀል፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ስኒዎች ከነማስቀመጫቸው አገኘሁ። ነጭ ላይ ሰማያዊ ሥዕል። ጆሮ የላቸውም! ትንሽ ሰፋ ከማለታቸው በቀር እናቴ ረከቦት ላይ የሚደረደሩትን ቁጭ። 10 ፓውንድ አለችኝ፣ በ8 ተስማማን።

ሥዕሉ ላይ ወንዝ አለ። ጀልባ ላይ አንድ ሰውዬ ዓሣ አንጠልጥሎ ቆሟል። ራቅ ብሎ ሌላው ቁጭ ብሎ መንጠቆ ጥሏል። የቻይና ቤት፣ ዛፍ፣ ድንጋይ። ከሥሩ ደግሞ በሰማያዊ የተጻፈ የቻይና ፊደል የሚመስል ነገር አለው። ሴትዮዋም የድሮ የቻይና ዕቃ ነው ብላኛለች።

እውነት የቻይና ነው? ዕድሜውስ? ሻይ ልጠጣበት ወይስ ቡፌ ውስጥ ልቆልፍበት? ፎቶ ለጥፌያለሁ።

የሰፈር_ልጅ
8 ፓውንድ ለሁለት ስኒ? በዚያ ብር መርካቶ ስድስት ገዝተሽ ለታክሲም ይተርፍሽ ነበር ኪኪኪ። ደግሞ እነሱ የእውነት የቻይና ናቸው።

የድሮ_ዕቃ
ሰማያዊት ልጄ፣ የቻይና አይደለም። ግን አትዘኚ፣ እንዲያውም ደስ ይበልሽ።

ሥዕሉን በማጉያ መነጽር እዪው። ጥላው የተሠራው በብሩሽ ነው ወይስ እንደ ድሮ የብር ኖት በቀጫጭን መስመር? ፎቶሽ ላይ መስመር ይታየኛል። ያ ማለት ኅትመት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና የመጣ ሰማያዊ ስኒ በእጅ ነው የሚሣለው፤ ብሩሹ ሲከብድና ሲቀል ቀለሙ ይለያያል። ሥዕልን በወረቀት አትሞ ሸክላ ላይ መለጠፍ የእንግሊዞቹ ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉን የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጹታል። ኮባልት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ሰማያዊ ቀለም በዘይት ለውሰው ሰሌዳው ላይ ይቀባሉ፣ በስስ ወረቀት ያትሙታል፣ ወረቀቱን አንዴ የተተኮሰው ሸክላ ላይ ይለጥፋሉ። ወረቀቱ በውሃ ይታጠባል፣ ቀለሙ ይቀራል። ከዚያ መስተዋት የሚመስለው ልባስ ላዩ ላይ ፈስሶ እንደገና እሳት ይገባል። ስለዚህ ሰማያዊው ከልባሱ ሥር ነው፣ በጥፍርሽ ብትፍቂው አይነካም። የስኒውን ዙሪያ በደንብ ተከተዪ፤ የወረቀቱ ሁለት ጫፎች የተጋጠሙበት ቦታ አንድ ዛፍ ወይም የጠርዙ ሐረግ ተቆርጦ ታገኚያለሽ።

ለዕድሜው ከ1775 እስከ 1790 ባለው ውስጥ እገምታለሁ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የሥሩን ምልክት አቅርበሽ አንሺልን።

ሰማያዊት
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ የተጋጠመበትን አገኘሁት!! የጠርዙ ጥልፍልፍ መስመር አንድ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ተቆርጦ ሌላው ዘንበል ብሎ ይጀምራል። እስካሁን እንዴት አላየሁትም?

ምልክቱን ለቻይናዊት የሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት። ገለበጠችው፣ አዞረችው፣ ከዚያ ሳቀች። «ይሄ ፊደል አይደለም፣ ፊደል ሊሆን የሞከረ ነገር ነው» አለችኝ። ቅርብ ፎቶው ይኸው።

ሀቁን_ልናገር
በቃ ፎርጅድ ነዋ። የቻይናን ሥዕል ሰርቀው፣ ፊደል የሚመስል ጭረት ጨምረው ሸጡ። ዛሬ ቻይና የእነሱን ቦርሳ ስትገለብጥ ይጮኻሉ።

የድሮ_ዕቃ
ሀቁን ልናገር፣ ግማሹ እውነት ነው። ግን ምልክቱን እንየው፣ ደስ የሚል ታሪክ አለው።

ሰማያዊት፣ አንገትሽን ትንሽ ዘንበል አድርገሽ እዪው። 5 ቁጥር አይታይሽም? ግራና ቀኝ ጭረት፣ ከላይ ቆልማማ ነገር ጨመሩበትና የቻይና ፊደል አስመሰሉት። ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ እንዲህ ልብስ አልብሰዋቸዋል። ሰብሳቢዎች ለረጅም ዘመን እነዚህን ምልክቶች ካፍሊ ለሚባል ፋብሪካ ሲሰጧቸው ኖረዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር ዉስተር ከተማ የነበረው ፋብሪካ ቦታ ሲቆፈር ግን ምልክቱ ያለበት ስብርባሪ ከዚያ ወጣ። የሰው ሁሉ የቡፌ መለያ ወረቀት በአንድ ጊዜ ተቀየረ ማለት ነው። ካፍሊ ብሎ የገዛው ሁሉ ዉስተር ሆኖ አደረ።

ዉስተር የተመሠረተው በ1751 ነው። ጆን ዎል የሚባል ሐኪም ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው። በዓመቱ የብሪስቶልን አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ጠቀለሉ፣ ከእሱ ጋር ምስጢሩን አገኙ፦ ከኮርንዎል የሚመጣ ሶፕስቶን የሚባል ለስላሳ ድንጋይ። ጭቃው ውስጥ ሲገባ ሸክላው የፈላ ውሃ ይችላል። የብዙዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በራድ ትኩስ ውሃ ሲገባበት ጧ ይል ነበር። ሻይ ለሚጠጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም።

ተማሪው
ጋሼ፣ ቻይናዎቹ እንዴት ነበር የሚሠሩት ታዲያ? እንግሊዞቹስ ለምን ዝም ብለው አልቀዱትም?

የድሮ_ዕቃ
አቃታቸው እንጂ ሞክረው ነበር። ጂንግዴዠን የምትባለው የቻይና የሸክላ ከተማ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈርና ሲተኮስ ወደ መስተዋት የሚቀየር ድንጋይ። ሁለቱን ቀላቅለው 1300 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ እሳት ይሰጡታል። አውሮፓ ይህን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባት። መጀመሪያ የተሳካው ጀርመን ውስጥ ሳክሶኒ ነው፣ በ1708። ጠንካራው አውግስጦስ የሚባለው ገዥ ወርቅ እሠራለሁ ያለውን ቦትገርን እስረኛ አድርጎ ይዞት፣ ከቺርንሃውስ ከሚባል ሊቅ ጋር አሠራው። በ1710 የማይሰን ፋብሪካ ተከፈተ። ወርቁ ቀረ፣ ሸክላው ወጣ።

እነሱም ቢሆኑ ቻይናን ሲቀዱ ተሳስተዋል። የማይሰን «የሽንኩርት ሥዕል» የሚባለው ታዋቂው ሰማያዊ ሥዕል ላይ ሽንኩርት የለም። ቻይናዎቹ የሣሉት ሮማንና ኮክ ነበር። የማያውቁትን ፍሬ ሲገለብጡ ሽንኩርት መሰለ፣ ስሙም ቀረ።

እማማ_ጀበና
ልጆች እንደምን አመሻችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እኔ የምለው፣ «ስኒ» የምንለው ቃል ራሱ ከቻይና ጋር የተያያዘ እኮ ነው። በዐረብኛ ሲኒ ማለት የቻይና ማለት ነው። እኛ ስኒ ስንል «ቻይናዬን አቀብለኝ» እያልን ነው። እንግሊዞቹም ሸክላውን «ቻይና» ነው የሚሉት። ስለዚህ ሴትዮዋ ብዙም አልዋሸችሽም።

የድሬ_ልጅ
እማማ ትክክል ኖት። እኛ ጋ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ አግኝተዋል። በፈረንጆቹ 2017 ዜና ሆኖ ነበር፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር። ከየመንና ከማዳጋስካርም የመጣ ዕቃ ነበረበት። አውሮፓ ስለ ስኒ ሳታስብ በባሕር መጥቶ፣ ከባሕር በግመል ተጭኖ እኛ ደጃፍ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ለመረጃ ያህል ብዬ ነው።

ሰማያዊት
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እንግሊዞች ሁሌ ጆሮ ባለው ኩባያ አይደል እንዴ ሻይ የሚጠጡት? እነዚህ ለምን ጆሮ የላቸውም?

ጨረታ_አሳዳጅ
ይህን ለእኔ ተዉልኝ። በዚያ ዘመን ሙሉ የሻይ ስብስብ ስትገዢ ሻዩ ጆሮ በሌለው ነው የሚጠጣው፣ እንደ ቻይናዎቹ። ቡናው ነው ጆሮ ባለው ረዘም ያለ ስኒ የሚጠጣው። ሁለቱ አንድ ማስቀመጫ ይጋራሉ፤ ሻይና ቡና በአንድ ጊዜ አይቀርብም ብለው። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ቡናውን ጆሮ በሌለው፣ ሻዩን በብርጭቆ።

ማስቀመጫውን እይው፣ ጎድጎድ ያለ ነው። መሀሉ ላይ ስኒው የሚቀመጥበት ክብ የለውም፣ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ብዙ ሰው ትኩሱን እዚያ ገልብጦ አብርዶ ይጠጣ ነበር። ኋላ ነው ነውር የሆነው።

እማማ_ጀበና
አባቴ ነፍሱን ይማረውና እንደዚያ ነበር የሚጠጣው። ሻዩን ማስቀመጫው ላይ ያፈስና በሁለት እጁ ይዞ ፉት። እኛ ልጆቹ ደግሞ የተረፈውን ስኳር በጣት። እናቴ እንግዳ ፊት ሲያደርገው ዓይኗን ታፈጥበት ነበር።

ሰማያዊት
ቆይ ቆይ። አንድ ነገር ላስጨምር። ዛሬ ማታ ሁለቱን ስኒዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው አንድ አይደሉም! ሥዕሉ አንድ ነው ግን የአንዱ ሰውዬ ዓሣ ቀጭን ረጅም ነው፣ የሌላው አጭር ወፍራም። እና ሩቁ ላይ የተቀመጠው አጥማጅ መንጠቆው የታሰረበት ክር፣ አንዱ ላይ እንደ ትል የተወዛወዘ ነው፣ ሌላው ላይ ውጥር ብሎ ቀጥ ያለ። ሁለቱም ማስቀመጫዎች ቀጭኑ ዓሣ ናቸው። ወፍራም ዓሣ ያለው ስኒ ሥር ፊደሉ የለም። ኤስ የምትመስል ትንሽ ሰማያዊ ጭረት ናት ያለችው፣ ቆሻሻ መስላኝ ልፈቃት ነበር።

የድሮ_ዕቃ
ሳቅ አፈነኝ። ልጄ፣ አንቺ ራስሽ አገኘሽው! እጅሽን ከዚያች ኤስ ላይ አንሺ።

ቀጭን ዓሣና የተወዛወዘ ክር፣ ዉስተር። ወፍራም ዓሣና የተወጠረ ክር፣ ካፍሊ። ኤሷ «ሳሎፒያን» ለማለት ናት፤ «ሳሎፕ» ካፍሊ ያለበት የሽሮፕሻየር አውራጃ የድሮ ስም ነው። ፋብሪካውን ቶማስ ተርነር ነው በ1775 ገደማ ሥራ ያስጀመረው። ሥዕሎቹ ለምን እንዲህ ተመሳሰሉ ትዪ ይሆናል። ሮበርት ሃንኮክ የሚባለው የዉስተር ቀራጭ በ1774 ከሸሪኮቹ ተለያይቶ ወደ ካፍሊ ሄደ። የዉስተርን ሙያ ይዞ ጎረቤት ገባ።

ስለዚህ ሀቁን ልናገር ወንድሜ፣ ሰረቀ የምትለው ሰው ካለ እዚህ ጋ ነው የምትፈልገው። ቻይና የላከችውን እንግሊዞች ቀዱ፤ ከዚያ እንግሊዝ እንግሊዝን ቀዳ።

በባትሪ ደግሞ አረጋግጪ። ቤቱን አጨልመሽ የስልክሽን መብራት ከስኒው ጀርባ አድርጊ። ዉስተሩ ወደ አረንጓዴ፣ ካፍሊው ወደ ብርቱካናማ ይልሻል።

ሰማያዊት
አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቀጭን ዓሣው አረንጓዴ፣ በጣም የቀጠነ የሻይ ቅጠል ውሃ የመሰለ። ወፍራሙ የሎሚ ማር ቀለም፣ ብርቱካናማ። ባለቤቴ «ሌሊት ስኒ የምታበሪ ሴት አገባሁ» እያለኝ ነው።

ሀቁን_ልናገር
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ስብስቡ አንድ ካልሆነ ዋጋው ወደቀ ማለት አይደለም?

ጨረታ_አሳዳጅ
ለንጹሕ ሰብሳቢ አዎ፣ ይቀንሳል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን እወደዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሠራተኛ አንዱን ስኒ ሰብራ ይሆናል፣ እመቤቲቱ ከተማ ወጥታ ተመሳሳይ ፈልጋ የተፎካካሪውን ገዝታ መጥታለች። ዓሣውን የቆጠረ የለም። ግምቴ ነው፣ ግን ስኒ እንዴት እንደሚጎድል ማን የማያውቅ አለ?

ዋጋ ካላችሁ፣ ይህ ሥዕል ብዙ ስለታተመ የዕድሜውን ያህል አያወጣም። ሀብታም አትሆኚም። ሀብታም የሚያደርገውን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2016 አንድ ሰው በኢንተርኔት ጨረታ በ15 ፓውንድ አንድ ሰማያዊ በራድ ገዛ። ክዳን የለውም፣ እጀታው ተሰብሮ የተጣበቀ። አንድ ወገኑ ላይ ዘንባባ ሥር የቆሙ ወፎች አሉበት። ሲመረመር ጆን ባርትላም የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ አሜሪካ ተሻግሮ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በ1760ዎቹ የሠራው ሆኖ ተገኘ። በ2018 ሳልስበሪ ላይ ለጨረታ ወጣ፣ መዶሻው 460 ሺህ ፓውንድ ላይ ወደቀ፤ ከነኮሚሽኑ 575 ሺህ። ገዢው የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው።

የሰፈር_ልጅ
ክዳን የሌለው በራድ?!! የአያቴን በራድ ባለፈው ለቆራሌው የሰጠሁት ሰው ምን ይባላል።

ጨረታ_አሳዳጅ
የአያትህ አልሙኒየም ነበር፣ ተረጋጋ።

ግን ቀልድ ትተን፣ ስለ ጥገና ተጠንቀቁ። እኔ ከአንድ ጨረታ ቤት «እንከን የለውም» የተባለ የዉስተር በራድ ገዝቼ ነበር። ቤት ሳመጣው ጡቱ፣ ማለቴ የሚቀዳበት አፉ፣ ሲነካ ከሌላው ይሞቃል። ሸክላ ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ የሚጠገንበት ፕላስቲክ አይቀዘቅዝም። አልትራቫዮሌት ባትሪ ሳበራበት ጫፉ በሙሉ በሌላ ቀለም በራ። ግማሹ ጡት አዲስ ነው። ብሩን ለማስመለስ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነው የምገዛው። ሰው እንደ እብድ ያየኛል።

ተማሪው
በጣት ሲነኩት ካላቃጨለስ?

የድሮ_ዕቃ
ድፍን ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው ብለህ ጠርጥር። መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ በጥፍር በቀስታ ነው የምትመታው፣ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ስንጥቅ ያለበት ሁሉ አይጣልም፣ ግን ዋጋው ላይ ተናገር።

ማኅሌት_ዘ_ቡና
ይቅርታ፣ ከርዕስ ልውጣ። «የአጥንት ቻይና» የሚባለው የእውነት አጥንት አለበት? እኔ አማቴ የሰጡኝ ስኒ ሥር እንደዚያ ይላል። ነገ ዓርብ ነው :)

የድሮ_ዕቃ
አለበት። የከብት አጥንት ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ፣ ከጭቃው ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ስፖድ የሚባለው ቤት ነው በ1790ዎቹ መልክ ያስያዘው፣ ከዚያ እንግሊዝ በሙሉ ያዘው። ሥጋም ስብም አልቀረበትም፣ ከሺህ ዲግሪ በላይ እሳት አልፏል። ለማንኛውም የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ የስኒ ሰው ነኝ። የሰማያዊት ዉስተር ስኒ ግን የድንጋይ ነው፣ ጿሚ ነው።

እማማ_ጀበና
ኧረ በሳቅ ገደላችሁኝ። ጿሚ ስኒ!

እኔ አንድ ሳህን አለኝ። ሁለት ወፎች ከላይ፣ ድልድይ ላይ ሦስት ሰዎች፣ የተንጠለጠለ ዛፍ። ሻጩ ሲነግረኝ አባቷ የከለከላት የቻይና ልጅ ከፍቅረኛዋ ጋር ስትጠፋ ነው አለ፣ ሲሞቱ ወፍ ሆኑ። እንባዬ መጥቶ ነበር። እውነት ነው?

ጨረታ_አሳዳጅ
እማማ፣ እንባዎን ያስቀምጡት። ሥዕሉ «ዊሎው» ይባላል፣ የወጣው ከ1790 አካባቢ ጀምሮ እዚሁ እንግሊዝ ነው። ታሪኩ ደግሞ በኋላ ነው የተለጠፈበት። በ1849 አንድ የቤተሰብ መጽሔት አትሞታል። ቻይና ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም። ቀልዱ፣ ሥዕሉ ገበያ ሲደራለት ቻይናዎቹ ራሳቸው እየቀዱ ወደ ውጭ መላካቸው ነው።

እማማ_ጀበና
ይሁን። ወፎቹን ግን አልሰጥም።

ተማሪው
የመጨረሻ ጥያቄ። ለምን በዚያ ዘመን ድንገት ይህ ሁሉ የሻይ ዕቃ?

የድሮ_ዕቃ
ቀረጥ። በ1784 ፓርላማ የሻይን ቀረጥ ከ119 በመቶ ወደ 12 ነጥብ 5 በመቶ አወረደው። የኮንትሮባንድ ሻይ ነጋዴ አለቀሰ፣ የስኒ ፋብሪካ ሳቀ። በ1791 ደግሞ ከእስያ ዕቃ የሚያስመጣው የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የቻይና ሸክላ በጅምላ ማስመጣቱን አቆመ። ከዚያ በፊት የሚመጣው መጠን ይገርማል። ጌልደርማልሰን የሚባል የሆላንድ መርከብ በ1752 መጀመሪያ ሻይና ሸክላ ጭኖ ሰመጠ። በ1985 ከባሕር ሥር ሲወጣ ከ100 ሺህ በላይ ስኒና ሳህን ነበረበት። ሻዩ በስብሷል፣ ሰማያዊው ግን እንዳለ ነው። የአንድ መርከብ ጭነት ነው ይህ።

ሰማያዊት
ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ ልጠጣበት?

የድሮ_ዕቃ
በየቀኑ አይሆንም። የዚያ ዘመን ልባስ እርሳስ ያለው ማዕድን አለበት። ሎሚ ያለበትን ሻይ በተለይ አታስቀምጪበት። ለአንድ ጊዜ ከሆነ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አሙቂው። እኔ በወጣትነቴ ከማቀዝቀዣ አጠገብ ያደረ ስኒ ላይ የፈላ ሻይ ገልብጬ እጄ ላይ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ደግሞ በጭራሽ።

ከበርሚንግሃም ዉስተር በባቡር ቅርብ ነው። የሮያል ዉስተር ሙዚየም አለ፤ ስኒሽን ይዘሽ ሂጂና ከወንድሞቹ ጋር አስተያዪው።

ሰማያዊት
ቅዳሜ ሄድኩ። መስተዋት ውስጥ ያንኑ አጥማጅ አየሁት፣ ያው ቀጭን ዓሣ፣ ያው የተወዛወዘ ክር። የእኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ መስተዋቱ ላይ አስጠግቼ ስገጥም ጥበቃው ደንግጦ መጣ። የራሴ ነው ብዬ ወረቀት የሌለኝን ነገር ሳስረዳ አስቡት። በኋላ እሱም ጎንበስ ብሎ ዓሣ መለካት ጀመረ።

ማታ ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው የእንግሊዝ የሻይ ስኒ ነው፣ አልኳት። ጠጋ ብላ አየችውና፣ «ለቡና በዛ፣ አንድ ስኒ ብቻ ነው የሚደርሰን» አለችኝ። ሦስተኛውን ልፈልግ ወይ?

ጨረታ_አሳዳጅ
አራተኛም ይጨመርበት። ዓሣውን እያየሽ ግዢ።